ሳይደረስ የቀረ ለቅሶ

ያን ዓመት ዝናቡ በመጋቢት ናይሮቢ ገብቶ እስከ ግንቦት አልወጣም። የሳውዝ ሲ ሰፈር መንገዶች በጎርፍ ተቆረጡ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ሕፃናት በሳል ታመሙ። ወንዳፍራሽም በዚያው ሰሞን ሞተ። ቀብሩ ላይ ሚስቱ የሺወርቅና አምስት ሰዎች ብቻ ቆሙ። የሐበሻው እድር ግን ከሺህ በላይ አባል ነበረው።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ተክሉ ይህን የሰሙት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ሲጠብቁ ከርብቃ ጋር ድንገት ተገናኝተው ነው። ርብቃ እዚያው ናይሮቢ ያደገች፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ባለ ቢሮ የምትሠራ የጎረቤት ልጅ ናት።

«አምስት ሰው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እኮ በዕለቱ በእድሩ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አውጥቻለሁ!»

«ፖሌ፣ ይቅርታ ጋሼ፤ ያንን ገጽ አሁን ማን ይከፍተዋል? ማስታወቂያና አሉባልታ ብቻ ነው የቀረው። የእርስዎ ጽሑፍ እኔ ጋ የደረሰው ከወር በኋላ ነው። እትዬ የሺወርቅ ‹እድሩም ከሱ ጋር ተቀብሯል› ብላለች።»

አቶ ተክሉ መሬት መሬት አዩ። ሚስታቸው የሞተች ጊዜ የሺወርቅ ሳምንት ሙሉ እቤታቸው ወጥ ስትሠራ፣ እንግዳ ስትቀበል ነበር የሰነበተችው። እሳቸው ግን ከገጹ ሥር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ጽፈው፣ ለቅሶ እንደ ደረሱ ቆጥረው ተኙ።

እፍረት ሽማግሌን ቁጡ ያደርጋል።

«ታዲያ ወዴት እንሂድ? አምና እናንተ ወጣቶቹ አዲስ የስልክ ግሩፕ ከፈታችሁ፤ ዝንብ እንኳ አልገባበትም!»

ርብቃ ሳቀች። «እውነት ነው፣ ፌል አድርገናል። እኛ ገብተን እናቶችን ጠበቅን፤ እናቶች እርስዎን ጠበቁ፤ እርስዎ ደግሞ…»

«የሚስቴ የሐዘን መልእክት ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ጥዬው አልሄድም።»

«እሱን ከነፎቶው አወርድልዎታለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ አይደል? ሕንፃ ስትቀይሩ እንዴት ለቀቃችሁ?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «መጀመሪያ አንድ አንድ እያልን ወጣን። የወጣው ሁሉ ደንበኛ አጥቶ ተመለሰ። ገዢው ሻጩን፣ ሻጩም ገዢውን ትቶ አይነቃነቅም። በኋላ ሁላችንም የምንሰማው ነጋዴ፣ ሐጂ ሱፍዋን፣ ሰበሰበንና ቀን ቆረጠ። ባንድ ቀን ወጣን። የድሮው በር ላይም መንገድ የሚያሳይ ሰው አቆምን።»

«ሃፖ ሳዋ፣ ልክ ነው! እኛ የጎደለን እንደ ሐጂ ሱፍዋን ቀን የሚቆርጥ ሊቀ መንበር ነው።»

«ማታቱ እስኪመጣ ሽማግሌ ትሰድቢያለሽ?»

«ኧረ እየሾምኩዎት ነው!»

አቶ ተክሉ ፈገግ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም። ሰዉን የያዘው የገጹ ማማር እንዳልነበረ ገባቸው። የያዘው እርስ በርስ መጠባበቁ ነው፤ መጀመሪያ መነሳት የነበረባቸውም እሳቸው ነበሩ።

አቶ ተክሉ በቆረጡት እሁድ አባላቱ ስልካቸውን ይዘው አዳራሽ መጡ። ወጣቶቹ አዛውንቶቹን እያገዙ ሁሉም ባንድ ከሰዓት ወደ አዲሱ ግሩፕ ተዛወረ። በአሮጌው ገጽ ላይ ወደ አዲሱ የሚመራ ማስታወቂያ ብቻ ቀረ። ከዚያ አቶ ተክሉ ተነሡ።

«ከእንግዲህ ሞት በድምፅ ይነገራል፤ እያንዳንዱ ቤት ለጎረቤቱ ይደውል። መጻፍ መድረስ አይደለም። ጽፌ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን የሺወርቅ ቤት እሄዳለሁ፤ የሚከተለኝ ይከተለኝ።»

ዛሬ በዚያ እድር የታመመ በዕለቱ ይጠየቃል፤ ሟችም ብቻውን አይቀበርም። አዲሱ ቦታ ነገ ቢያረጅ እንኳ፣ ሰዉ እንዴት አብሮ እንደሚወጣ ያውቃል።

ያን እሁድ አዳራሹ በሙሉ ተከተላቸው። የሺወርቅ በሩን ስትከፍት አቶ ተክሉ ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።

«የኔን ሐዘን ተሸከምሽልኝ፤ ያንቺን ጥዬብሽ ቀረሁ» አሉ።

እሷ ከኋላቸው መንገዱን የሞላውን ሰው አየች።

«ጋሼ ተክሉ፣ እንዴት እንደሞተ እንኳ የጠየቀኝ የለም።»

ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። «እንዴት ነበር?» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ድረስ አንድም ሰው አልተነሣም። የአቶ ተክሉ የዓመታት ብድር የተመለሰው ያን ቀን ነው።