አንቀመጥም ያልንበት ቀን

በእኛ ጊዜማ፣ ልጄ፣ ጋይንት ውስጥ ሰው ከተጣላ በዱላ ነበር የሚፈታተሽ፤ ጡጫ የሕፃን ጨዋታ ነው ይባል ነበር። ቦክስን እዚህ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ የስፖርት መምህሩ አለምነው። ስልክሽን እዚያ መደቡ ላይ አስቀምጪው፣ ይቅዳ፣ ምን ቸገረኝ። ዛሬ አንቺ በእኔ ቦታ የስፖርት መምህርት ነሽና የጠየቅሽኝ ደህና ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ልጆቻችን በአማተር ሜዳሊያ ይለቅማሉ፣ ፕሮፌሽናል ሲባል ግን የት ይገባሉ?» አልሽኝ አይደል? ስለ ሌላው አላውቅም። ስለ አንዱ ግን የት እንደገባ አውቃለሁ፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ይበልጣልን ታውቂዋለሽ። ያ ሰማያዊ ባጃጅ የሚነዳው ረጅሙ። አዎ፣ እሱ። ዛሬም ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ፣ እሱ ነው የሚወስደኝ፤ ወርዶ፣ ክንዴን ይዞ፣ «ቀስ ይበሉ ጋሼ» ብሎ ነው የሚያስገባኝ። እኔም ክንዴን እሰጠዋለሁ። አያሳፍርም? ቆይ፣ ለምን እንደሚያሳፍር ትሰሚያለሽ።

ታዲያ ይበልጣል ከአርብ ገበያ በታች ካለ ቆላ ነው ለትምህርት የመጣ። ጆንያ ውስጥ ጭድና አሸዋ ሞልተን ከባሕር ዛፉ ላይ ሰቅለናል፣ ልጆቹ ይደበድቡታል፣ እሱ ዳር ቆሞ ያያል። «አንተስ?» አልኩት። «እኔ የማይንቀሳቀስ ነገር መምታት አልወድም» አለኝ። እስቲ አስቢው፣ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላውም። እና ጓንት አጥልቄለት ከትልልቆቹ ጋር አቆምኩት፣ ማንም ሊነካው አልቻለም። ጠጋ ይላል፣ ነካ ያደርጋል፣ ይወጣል። ጠጋ፣ ነካ፣ ውጣ። የአማተር ቦክስ ይኸው ነው፣ ሦስት ዙር ነው፣ ዳኞቹ ነጥባቸውን ይጽፋሉ፣ አለቀ። ባሕር ዳር ወስጄው አሸነፈ፣ በዓመቱ ወስጄው አሸነፈ፣ በሦስተኛውም አሸነፈ። እኔ በመንገድ ስሄድ ሰው ይነሣልኝ ጀመር።

በኋላ ሙላት የሚባል አሰልጣኝ አየው። ሙላት የእስቴ ልጅ ነው፣ የገበሬ ልጅ፣ ውጭ አገር ተጋጥሞ የተመለሰ፣ አዲስ አበባ ለፕሮፌሽናል የሚያዘጋጃቸው አራት አምስት ልጆች ነበሩት። «ስጡኝ» አለኝ። «ግን አትቸኩሉብኝ፣ አንድ ዓመት ተኩል አላጋጥመውም» አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ከፋኝ፣ እሺ ማለት ቀላል ነው።

አንድ ዓመት አለፈ። ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ማኅበር ላይ እንኳ አያስቀምጠኝ። «አለምነው፣ ልጅህ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ቀበል ያደርግና «ገመድ ይዘላል አሉ፣ እንደ ሴት ልጅ» ይላል፣ ይስቃሉ። ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰለሽ። ገመድ ይዘላል። ገመድ ይዘላል። እኔ ደግሞ ያኔ ኩራት ሞልቶብኝ ነበር። ልጁ ታመመ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ሰሞን ይበልጣል ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ፣ ከሦስተኛው ዙር በኋላ እግሬ ይከዳኛል። የፕሮፌሽናል ጡጫ ሆድና ጎን ላይ ነው፣ ነክቶ ነጥብ መልቀም ብቻ አይደለም፣ ትንፋሽ ይወስዳል። አሰልጣኙ ቆይ ይለኛል፣ እኔም ብቆይ ደስ ይለኛል» አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? «ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አልኩት። ይኸው ነው ያልኩት። ልጁ ልቡን ገልጦ ነገረኝ፣ እኔ ፈራ ብዬ አፈርኩበት።

እና ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ሰበሰብኩ። መሪጌታ ፈንታን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐጅ ሰይድን፣ ያኔ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩትን፣ እኔ ሦስተኛ። አዲስ አበባ ወርደን ሙላት ቤት ገባን። ደነገጠ፣ ደስም አለው፣ ወንበር አወጣ። «ቁጭ በሉ አባቶቼ።» መሪጌታ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ «ጉዳያችንን እሺ ካላልከን አንቀመጥም፣ እህል ውሃህንም አንቀምስም» አሉት። ወጉን ታውቂው የለ፣ ለሙሽራ ሲኬድም ለደም ሲኬድም እንዲህ ነው የሚባል። ለቦክስ ግን ማን ብሎት ያውቃል? እኛ አልን።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» አለ። «ይበልጣልን አጋጥምልን፣ አገር አፈረ» አልኩት እኔ።

ሙላት የያዘውን ወንበር ለቀቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ወይፈን መጀመሪያ ቀን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠመድ?» አለኝ። ሐጅ ሰይድ መለሱ፣ «እስከ ረፋድ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ብጠምደውሳ?» «ይተኛብሃል።» «ከተኛ በኋላስ?» ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን፣ እናውቃለን፤ አንዴ ትልም ላይ መተኛት የለመደ ወይፈን ከዚያ ወዲያ ቀንበር ባየ ቁጥር ይተኛል። ሰምተናል፣ ገብቶናል፣ ግን ቆመናል። ሐጅ ሰይድ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አይቀመጡም። ሙላት የሐጅ ሰይድን ጉልበት ያያል፣ የመሪጌታን መስቀል ያያል፣ የእስቴ ልጅ ነዋ፣ ሽማግሌ መለሰ ሲባል እናቱ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ትሂድ? በመጨረሻ፣ «እሺ። ለእናንተ ስል ነው እንጂ ለልጁ ስል አይደለም» አለ። እኛም ተቀመጥን። በላን፣ ጠጣን፣ መረቅነው። የመረቅነው ነገር ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ታዲያ በሁለት ወሩ ግጥሚያው ሆነ፣ በቀን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ስድስት ዙር። ከዚህ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዤ ሄድኩ። እነዚያ ገመድ ይዘላል የሚሉትም አሉበት። ሦስቱ ዙር የይበልጣል ነበር፣ ጠጋ፣ ነካ፣ ውጣ፣ አዳራሹ ተነሣ፣ እኔም ክንዴን እያወናጨፍኩ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እላለሁ። ተጋጣሚው፣ ከጎረቤት አገር የመጣ ቦክሰኛ፣ ግን አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። ይጠብቃል። አራተኛው ላይ ጎኑን አገኘው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ። ይበልጣል ጠጋ አለ፣ ነካ አደረገ፣ መውጣት አቃተው። እግሩ የለም። እንደነገረኝ፣ ልክ እንደነገረኝ።

ያኔ ወደ እኔ አየ። ወደ ሙላት አይደለም፣ ወደ እኔ። እኔ ተነሥቼ፣ «በርታ፣ ወደ ኋላ እንዳትል» ብዬ ጮህኩ። ልጁም ወደ ኋላ አላለም፣ ታዛዥ ነው። አምስተኛው ላይ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወደቀ። ሙላት ፎጣውን ወረወረና ግጥሚያው ቆመ። እኔ በሰው ፊት ሙላትን «ፈሪ» ብዬ ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ልጁን አቅፎ ወጣ።

ጎኑ ዳነ። ሙላትም አልተወውም፣ ስድስት ወር አሳርፎ እንደገና አሠራው። ግን አራተኛው ዙር ሲደርስ ልጁ ሳይመታ ይቀመጣል። ማንም ሳይነካው። «ጉልበቴ አይደለም ጋሼ፣ እኔም አላውቀውም» ይለኝ ነበር። እኔ አውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ገዛ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ይመስገነው። ግን አንድ ቃል አለችው። ስለ ቦክስ ሰው ሲያነሣበት፣ «ሙላት ነው የጨረሰኝ፣ ሳልደርስ አጋጠመኝ» ይላል። የሙላትን ስልክ አያነሣም። ሙላትም አንድ ቀን እንኳ «ሽማግሎቻችሁ ናቸው» አላለውም፣ የእኛን ክብር ጠብቆ ስድቡን ተሸከመ። እኔስ? ባጃጁ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ሙላትን ሲረግመው እሰማለሁ። ባለፈው «ልክ ነህ» አልኩት። ልክ ነህ አልኩት፣ ልጄ። በሰባ ሦስት ዓመቴ።

ይቅርታ ልጠይቀው ሳላስብ የቀረሁበት ቀን የለም። ግን የበደለ ሰው በወጋችን ሽማግሌ ይልካል። ማንን ልላክ? መሪጌታ አረፉ፣ ሐጅ ሰይድ ከአልጋ አይወርዱም። ደግሞስ በሽማግሌ ያበላሸሁትን በሽማግሌ ላስተካክል ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ የተማርሽ ነሽ፣ ማንን ልላክ?

«ጋሼ፣ ለምን ይልካሉ? ባጃጁ እኮ በር ላይ ቆሟል፣ ጥሩምባውን አልሰሙትም?»

መጣ እንዴ? ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። ይጠብቅ በይው። ተይው፣ አትበይው፣ እኔው እወጣለሁ። ያን ዱላዬን አቀብይኝ። ዛሬ «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይግቡ» ቢለኝ ሳልነግረው አልቀመጥም። ጉልበቴ ቢንቀጠቀጥም አልቀመጥም። በይ ስልክሽን አጥፊው፣ ይሄን እሱ ብቻ ይስማው።