በቦዳ የሄደው ሙክት

ከኦልድ ካምፓላ ወደ ካምዎክያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ባለሱቅና አንድ ሽማግሌ፣ አማርኛ የሚሰማ የለም ብለው ነው መሰል ድምፃቸውን ለቀው ያወራሉ።

«ጋሼ ሰይድ፣ የሱቁ ክርክር ተፈረደልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔስ እውነት ይዘሽ አትሸነፊም ብዬሽ አልነበር?»

«ለአረፋ ለዳኛው ሙክት ልኬለት ነበር።»

«ለዳኛው? ክርስቲያን አይደል እንዴ? እኛ ያረድነውን ይበላል?»

«ኧረ በቁሙ ነው የላክሁለት! ቦዳ ሞተር ላይ አስጭኜ፣ ቤቱ ድረስ። ራሱ ያሳርደው ብዬ።»

«ልጄ፣ ውሉ በእጅሽ፣ ኪራዩ የተከፈለ። ምን ቆርጦሽ ላክሽ?»

«አከራዬ ቀድሞኝ ፍየል መላኩን ሰማኋ።»

«ፍየሉንስ መለሰለት?»

«ምን ይመልሳል! ሁለቱንም በላ።»

«እና አሁን የፈረደልሽ እውነትሽ ነው ሙክትሽ?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት፣ ጋሼ። አከራዬ ይግባኝ ብሏል። እዚያ ደግሞ ዳኞቹ ሦስት ናቸው አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?»

«በሬ ስንት ያወጣል?»

ታክሲው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ ዛሬ እዚያ የክርክር ቀጠሮ ያለኝ እኔ ባዶ እጄን እያየሁ ሳልወርድ ቀረሁ።