እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ቤት

ልብስ ሰፊው ያን ቀን የሰፋው ልብስ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ይበቃል ቢባል ግነት የለበትም፤ ድካሙ ደግሞ ለሁለት ከተማ ይተርፍ ነበር። ትንሿን ሴት ልጁን ይዞ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ዘፍ ብሎ ተራ ሲጠብቅ፣ ሳል የያዛት የጎረቤቱ ልጅ፣ በሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምረው፣ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

እንደምን ዋሉ ተባብለው ሲያበቁ ልጅቷን ምን እንዳመማት ጠየቀችው። ጆሮዋ ነው አላት። ሳምንቱን ሙሉ ሲመግል ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እናቷ ጠዋት ትራሷ ረጥቦ ባታይ ኖሮ አሁንም የሚያውቅ አልነበረም።

«ይቺ? ሬዲዮ የምታስንቀው ልጅ?» አለች አስተማሪዋ። «ለምን ዝም አለች ጋሼ?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን እያከከ ነገሩን አጫወታት። አዲሱ ትምህርት ቤቷ ሁሉንም ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ወላጆችን ሰብስበው፣ ዋና የሚለመደው ውሃ ውስጥ ተገብቶ ነው ብለው ነበር። እሱም ከዳይሬክተሩ ብሶ በቤቱ አዋጅ አወጣ፤ ከደጃፉ ወዲህ ከእንግሊዝኛ በቀር ቃል እንዳይተነፈስ። የእሱ እንግሊዝኛ ሸሚዝ አንገት ላይ ከሚነበበው አያልፍም። የሚስቱ ከዚያም ያንሳል፤ ጨው አቀብሉኝ ለማለት እጇን ስታወናጭፍ ቤቱ የትራፊክ ፖሊስ ማሠልጠኛ ይመስላል። ማታ ሦስቱም ድካማቸውን ታቅፈው፣ ተፋጠው በልተው ይተኛሉ። ልጅቷ ጆሮዬን አመመኝ የሚለው በእንግሊዝኛ አልመጣላትም፤ አዋጁን ደግሞ ፈራች።

«እኔ ቋንቋ ባለማወቄ ነው ዕድሜዬን መርፌ ላይ አቀርቅሬ የቀረሁት» አለ ደከም ባለ ድምፅ። «እሷ ቀና ትበልልኝ ብዬ ነው።»

«ምኞትዎ ጥፋት የለበትም። እንግሊዝኛ ያስፈልጋታል፤ እኔም የማስተምረው እሱኑ ነው። ግን ሕፃን ዋና ሲለማመድ የሚይዘው ሰው አለ፤ ወርውረውት አይሄዱም። እኛ ጋ ሳይንሱን መጀመሪያ በሚያውቁት ቋንቋ እናስረዳቸዋለን፤ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በየቀኑ እናስተምራለን።»

«እዚያው በሚያውቁት ቢቀሩስ?»

«የገባቸውን ነገር እንግሊዝኛ ማልበስ ቀላል ነው ጋሼ። ያልገባቸውን ግን ምኑን ያለብሱታል?»

ልብስ ሰፊው በዚህ የሚረታ ሰው አልነበረም። ልጁን ጎንተል አድርጎ ትናንት የተማረችውን አስባላት። እሷም ስለ ውሃ ትነት በእንግሊዝኛ ያለ ትንፋሽ አንበለበለችው፤ ተረኞቹ ሁሉ ዞረው አዩ። የአባትየው ደረት ተነፍቶ የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ጎበዝ» አለች አስተማሪዋ። «ምን ማለት ነው ግን? በራሳችን ቋንቋ ንገሪኝ እስቲ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ አፏን ለመክፈት ፈቃድ መጠየቋ ነበር። ያ ሁሉ ደረት ሟሸሸ።

«ተናገሪ እናቴ» አላት።

«ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም» አለች በቀስታ። ቀጥላም «አባዬ፣ ይሄኛውም ጆሮዬ ያመኛል» አለች።

ሌላ ክርክር አላስፈለገም፤ አዋጁ እዚያው አግዳሚ ላይ ተሻረ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ልጁን ወደ አስተማሪዋ ትምህርት ቤት አዛወራት። ትነት ምን እንደሆነ እናቷ ከድስት ክዳን ላይ አሳየቻት፤ እንግሊዝኛው ተከትሎ መጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅም በዚያው በእንግሊዝኛ መምህራኑን በጥያቄ የምታስጨንቅ ሆነች። ከሁሉ በላይ ግን፣ የታመመች ቀን በዚያው ቀን ትናገራለች። አንድ ልጅ ከቤቱ ቋንቋ ሳይነቀል ሌላ ሲጨምር ወላጅም አስተማሪም የሚያገኙት ትርፍ ይኸው ነው።

የዚያን ቀን ታዲያ ጆሮዋን ታክማ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤት ስታወራ መንገዱ አለቀ፤ ወሬው አላለቀም። ልብስ ሰፊው እግሩ አልሸከመው ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ ዓይኑ እየተከደነ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አላት።