የአባፎጊ ታንኳ

ከቴፒ ወደ ሚዛን ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ክሪክ ፍለጋ መቀመጫ ሲያገላብጥ እኔ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድኩ። በልጅነቴ አያቴ ዘንድ ቡና ለቀማ ስሄድ የምሻገረው ወንዝ ነው። ያን ጊዜ ሙዝ ይቆረጥና ግንዱ ጎን ለጎን ተደርድሮ በሐረግ ሲታሰር ታንኳ ይሆናል። ተሻጋሪው ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ አሻጋሪው አባፎጊ ከኋላ እየዋኙ ይገፉታል። መሻገር የፈለገ ሁሉ ከማዶ ሆኖ "አባፎጊ! ሰው አለ!" ብሎ ይጣራል። የተጠራ አሻጋሪ አፉ የደረሰ ጉርሻ እንኳ ቢሆን ጥሎ ይነሳል፤ የወንዙ ደንብ እንዲህ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት ደወል የሰማሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ሆዴን የሚያባባው ግን ያ ጥሪ ነው።

ዳርቻው ላይ አባፎጊ ራሳቸው ተቀምጠው ሐረግ ይልጣሉ። ጢማቸው ጥጥ መስሏል። አጠገባቸው ቀርከሃ፣ ቢጫ ጀሪካንና የናይሎን ገመድ የከመረ ወጣት ቆሟል። ፊታቸውን ሳይ እንደተኳረፉ ገባኝ።

"እንደምን ዋሉ አባፎጊ? ማቴዎስ ነኝ፤ የእማማ ወለላ የልጅ ልጅ፣ መምህሩ። አሁንማ ጡረታ ወጣሁ።"

"ማቴዎስ! ያ መሃል ወንዝ ላይ ሲደርስ የሚያለቅሰው?" ብለው ሳቁ። "ና፣ ና ፍረደን። ይህ የጎረቤቴ ልጅ እንድርያስ ነው፤ አማን ኮሌጅ ግንባታ ይማራል። አንተ ጡረታ ስትወጣ ጊዜ እኔንም ሊያስወጣኝ መጣ።"

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጃቸው ቱርከያ ከባሏ ከሻሚል ጋር ማዶ፣ ቡናው ውስጥ ትኖራለች። መውለጃዋ ደርሷል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ በዚህ በኩል ነው። ዘንድሮ ዝናቡ አልቆም ብሎ ኋላ የተሠራውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል፤ ሰውም ተመልሶ የሚጠራው አባፎጊን ሆኗል። አባፎጊ እንደ ጥንቱ በሙዝ ግንድ፣ ራሳቸው እየዋኙ ሊያሻግሯት ቆርጠዋል።

"አባ፣ ዋናዎትን ማን ይክዳል?" አለ እንድርያስ ለስለስ ብሎ። "እኔ የምለው ግንዱ ውሃ ይጠጣል፤ ሰነባብቶ ይሰምጣል። ሐረጉም ይላላል። በየጊዜው ደግሞ ለልጆች ፍሬ የሚሰጥ ሙዝ እንቆርጣለን። ቀርከሃውን ረብርበን፣ ከሥሩ ጀሪካን ብናስር አይሻልም?"

"ጀሪካን! ክዳኑ ጠፍቶ የበቆሎ ቆሮቆንዳ የተወተፈበትን ነው ልጄን የምጭንበት?"

"እዩት፣ ሁሉም የራሱ ክዳን አለው፤ በላስቲክም ጠቅልዬ አጥብቄዋለሁ። አንዱ ገመድ ከዚህች ዋንዛ እስከ ማዶው ዛፍ ይወጠራል፤ ታንኳው በቀለበት ይያያዝበታል፤ ጎርፍ አይወስደውም። ሌላው ገመድ ታንኳው ላይ ይታሰርና ከዳር ሆነን እንጎትተዋለን። ማንም ውሃ አይገባም።"

አባፎጊ ቢላቸውን አስቀመጡ። "ስማ ልጄ፤ በወንዝ ላይ ገመድ መዘርጋት ወንዙን ማሰር ነው። የታሰረ ነገር ይቆጣል። አባቶቻችን አላደረጉትም።"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?"

"አንበሳ ያስር ተባለ እንጂ ወንዝ ያስር መች ተባለ!"

እኔም ሳቄ መጣ። የአገራችን ሽማግሌ ሲከራከር እንዲህ ነው፤ በር ስትዘጋበት በመስኮት ይወጣል። ነገር ግን ዓይናቸውን ሳየው ክርክሩ የወንዙ ቁጣ አልመሰለኝም። "አባፎጊ፣ እውነት የሚያሳስብዎት ይሄ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

በእጃቸው ማዶውን አመለከቱ። "ያኔ ሙሽራ አሻግሬያለሁ" አሉ። "ሬሳ አሻግሬያለሁ። ስሜን የማይጠራ ሰው በዚህ አላለፈም። ገመድ ካለ እኔን ማን ይጠራኛል?"

እንድርያስ ጎንበስ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ብሆን ምክሬን እደረድር ነበር፤ እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መሃል ላይ እጅዎ ቢዝል፣ ቱርከያ ታንኳው ላይ ሆና ማንን ትጥራ?"

አባፎጊ የላጡትን ሐረግ አንስተው ወደ ውሃው ወረወሩት። "ያ ረቢ" አሉ። "በል አምጣው፣ ቀርከሃህን።"

ሾፌሩ ከላይ ክላክስ ቢያሰማ ቢያሰማ አልሄድኩለትም። ርብራቡን አብረን አሰርን። እንድርያስ ሲባጎ ድንጋይ ላይ ቋጥሮ ወደ ማዶ ወረወረ፤ ውሃ ላይ ወደቀ። ደገመ፤ ወደቀ። አባፎጊ ጦጣ ከበቆሎ የሚያባርሩበትን ወንጭፍ አወጡና ድንጋዩን ጩኸታችንን ሰምቶ ማዶ ዳርቻው ላይ የወረደው ሻሚል እግር ሥር አሳረፉት። ሻሚል ሲባጎውን ሲስብ ጫፉ ላይ ያሰርነው ገመድ ተከትሎት ሄደ። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ እንድርያስን ጭነን ሞከርነው፤ ወንዙም አልተቆጣም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ከሚዛን ተመለስኩ። አንባቢዬ ሆይ፣ ያየሁትን ልንገርህ። እሸት ቡናው ማዶ ሆኖ መበላሸቱ ቀርቶ በቀኑ ይሻገራል። ተማሪዎች ደብተራቸውን አናታቸው ላይ ተሸክመው በጎርፍ አይንገላቱም። ሴት ብቻዋን ብትሆን ገመዱን ስባ ትሻገራለች። የሙዙም ተክል ቆሞ ያፈራል። ይህን ሁሉ ያመጣው ብዙ እውቀት አይደለም፤ ሽማግሌው የድሮውን ቢወዱም ከእሱ አስበልጠው ልጃቸውን መውደዳቸው ነው።

አባፎጊ ግን ዋንዛው ሥር ጥብስ በቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል። የሚጠራቸው የለም። የዚያን ልማድ ማለፍ ሳስብ እኔም ከፋኝ፤ ይከፋል እኮ፣ የሚጠቅም ነገር ሁሉ ደስ አያሰኝም።

ታንኳው ማዶ ነበር። ሻሚል ሚስቱን ደግፎ ከቡናው ውስጥ ሲወጣ አየነው፤ ምጥ ይዟታል። አሳፍሯት ራሱ የተወጠረውን ገመድ እየሳበ መምጣት ይችላል። ቱርከያ ግን ከመሳፈሯ በፊት ቆመች፤ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ባለ በሌለ ድምጿ ጮኸች፦

"አባፎጊ! ሰው አለ!"

ሽማግሌው በቆሎውን ጣሉት። ያፉን እንኳ አልዋጡም። ገመዱን ሁለት እጃቸው ላይ ጠምጥመው መሳብ ሲጀምሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰማህ ማቴዎስ?" አሉ። "ጠራችኝ።"