ለምረቃውማ እመጣለሁ

ግቢ፣ ግቢ ፈትልዬ… መኪናሽን ጣሪያ ያለው ጋ ፓርክ አደረግሽ? የዚህ የአውሮራ ከተማ በረዶ ግንቦት ነው ብሎ አይራራም። ባለፈው የእኔን ኮፈን ጎድጓዳ በጎድጓዳ አድርጎት ሄደ።

የጥሪ ካርድ ነው? እንዴት ያምራል! የወንድምሽ ልጅ ተመረቀች በይኛ… ሳይኮሎጂ፤ ያውም በክርስቲያን ኮሌጅ። ክላሱ በጸሎት ነው የሚጀመረው አይደል? እንዲህ ያለ ቦታ የተማረ ልጅ ይለያል። እኔ ምስክር ነኝ።

ሰው ስትሰማ አይተሻታል? አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ፣ «እትዬ ዘርፈሽዋል፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ነው» ብላ… ሦስት ቅዳሜ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ልጄ ሊዑል አኩርፎኝ ከቤት ወጥቶ ሌክውድ ከገባ ወዲህ ስልኬን እንደማያነሳ ነገርኳት። እኔም «ሊዑል ነኝ፣ መልእክት ተዉልኝ» የሚለውን ድምፁን ለመስማት ብቻ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ እንደምደውል… ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። ምን ኃጢአት አለው ብዬ?

ለካ ለክላስ ለምትጽፈው ወረቀት ኖሯል። መምህሯ ስም ደብቁ ብሏቸዋል፤ ታዛዥ አይደለች? ደበቀችልኝ። ዘርፈሽዋልን አጠፋችና የክርስትና ስሜን ጻፈች፤ ወለተ ሰንበት። ፈረንጆቹ በምን ያውቃሉ? ኮሌጁ ወዶት ዌብሳይቱ ላይ አወጣው። እሷም እልል እንድንልላት ሊንኩን የማኅበራችን ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ በክርስትና ስሜ የማይጠራኝ ማን አለ? … አንቺም «አይዞሽ ወለተ ሰንበት» ብለሽ ልብ ልከሽልኛል፤ አልረሳሁም።

ኧረ ምንም አልተቀየምኩም! ሊዑልም አንብቦታል አሉ። በማግስቱ ስልኩ ላይ የቀዳውን ድምፁን አጠፋው። አሁን የምታነሳልኝ የስልክ ኩባንያው ሴትዮ ናት። ትሁት ናት፤ ቁጥሩን ጠርታ መልእክት ተዉ ትለኛለች… ለእሷ ምን ልተውላት? የልጄ ድምፅ ግን ይናፍቀኛል።

ለምረቃውማ እመጣለሁ፤ ዳቦውንም የምደፋው እኔ ነኝ። ማይክ ከሰጣችሁኝ እመርቃታለሁ። አምላክ ከፍ ያድርጋት፤ ቢሮዋ ዳውንታውን ይሁን፤ በሯ ሰው አይጣ፤ ወልዳ ትሳም። ታዲያ አንድ ቀን፣ አይድረስና፣ የልጇ ነገር ቢያስጨንቃትና ሰው ብትፈልግ… ልክ እንደ ራሷ ያለ ሰሚ ይዘዝላት።

አሜን በይ እንጂ ፈትልዬ።