ሽማግሌ ሊላክበት የነበረው ድርሰት

ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያዩበት ጥግ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከጎኔ ገቡ። ባጃጅ በሕጉ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። የወረታ ባጃጅ ግን ሕጉን እንደ መነሻ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሽማግሌው በግማሽ ጎናቸው መቀመጫው ላይ፣ በግማሹ እኔ ላይ ተደላደሉ።

"አይዞህ ልጄ፣ ብዙም አልከብድ" አሉኝ። "ሥራህ ምንድን ነው?"

አንባቢዬ ችግሬን ይረዳልኝ። እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም መምህርና አስተባባሪ ነኝ። ይህን ለሰው ማስረዳት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ገና እናቴ እንኳ አልገባትም። ስለዚህ አሳጥሬ፣ "አማርኛ አስተምራለሁ" አልኩ።

"አማርኛ? እንግዲያው የኔን ጉድ ስማ።" ወደ እኔ ዞሩ፤ መዞሪያ ቦታ ስላልነበረ ክርናቸው ጎኔ ውስጥ ገባ። "ልጄ ወለላ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ድርሰት ልማር ብላ ዩኒቨርሲቲ ትመላለሳለች። ስለ እኔ ጻፈች። ጎርፉ በመጣ ዓመት እንዴት እንዳወጣኋት። ታዲያ አንድ የወረታ ባለ ሱቅ ልጅ፣ ሰዳም የሚሉት፣ ብድግ ብሎ በሰው ፊት 'ይህ ሰው ሰው አይደለም' አላለም! እኔን!"

"ልጅዎስ ምን አለች?"

"ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች፤ ሁለተኛ አልሄድም ብላ ተቀምጣለች። ዛሬ የመጣሁት ሦስት ሽማግሌ ለመያዝ ነው። ለልጁ አባት እንልካለን፤ ይቅርታ ይጠይቁናል። ደግሞ አንድ አስተባባሪ የሚሉት አለ፤ ልጄ ስትሰደብ እዚያው ተጎልቶ ዝም ያለ። እሱን እኔው ራሴ አገኘዋለሁ።"

"አግኝተው ምን ያደርጉታል?" አልኩ፤ ድምፄን እንደ ምንም አስተካክዬ።

"አግኝቼው አስብበታለሁ።"

የምሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነበር። ፕሮግራማችን አምስት ተማሪ አለው፤ ከአምስት በታች የሆነ ፕሮግራም ደግሞ ይታጠፋል ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎልናል። ምዝገባው የሚዘጋው ሰኞ ነው። ወለላ ካልተመለሰች አራት እንሆናለን። አራቱ ተማሪዎች ይበተናሉ፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የኮማ አገባብ ወደ ማስተማር እመለሳለሁ። ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት ሴት እሺታ ላይ ነው። እሷም ስልክ አታነሣም።

ባጃጁ ጭቃው የሚጀምርበት ላይ አወረደን። ኅዳር ገብቶ ሩዙ ቢታጨድም ፎገራ ውኃዋን ቶሎ አትለቅም። ሽማግሌው የከተማ ጫማዬን አይተው አዘኑና እጄን ያዙኝ። እጄን የያዘ ሰው በጥፊ ለመምታት ቢያንስ መልቀቅ አለበት ብዬ አሰላሁና፣ "አባቴ፣ አስተባባሪው እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ሕዝቅኤል እባላለሁ።"

ቆሙ። እጄን ግን አልለቀቁም።

"ጭቃውን እንሻገርና እንጣላለን" አሉ።

ተሻገርን። ደረቁ መሬት ላይ እጄን ለቀቁና፣ "በል እስቲ መምህር፣ ሰው ፊት መሰደብ ነው ትምህርቱ?" አሉኝ።

"ስድብ አይደለም አያ አለምነህ፤ ሂስ ነው" አልኩ፤ ስማቸውን ከወለላ መዝገብ አውቀዋለሁ።

"ሂስን ለኔ ልትነግረኝ ነው? በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ነበር። አንድ ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ሂስ ተደርጎ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አልሄደም።"

"የኛው እንዲያ አይደለም። አንዱ የጻፈውን ያነባል፣ ሌሎቹ ያልገባቸውን፣ ያላመኑትን ይነግሩታል። ጸሐፊው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ያስተካክላል።"

"በጆሮው ለብቻው አይነግሩትም?"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጎረቤትዎ ሩዝ አረም ቢውጠው፣ ሲያገኙት ምን ይሉታል?"

"'እግዜር ይባርክልህ' እላለዋ!"

"ከዚያስ?"

"ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ለአምሳል እነግራታለሁ። 'የጎረቤታችንን ማሳ አየሽው? አረም ዘርቶ ሩዝ በቀለበት' እላለሁ።"

"አረሙስ?"

"አረሙማ እዚያው አለ" አሉ አያ አለምነህ።

እውነቱን ለመናገር የተናገርኩት ስለ ተማሪዎቼ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሂስ ክፍላችን የሰርግ ቤት ነበር። አንዱ ያነባል፣ አራቱ "ድንቅ ነው"፣ "ነፍስ አለው"፣ "እጅሽ ይባረክ" ይላሉ። ከዚያ ካፌ ይገቡና የድንቁን ሥራ አጥንት ይቆጥራሉ፤ ጸሐፊው ሽንት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ብቻ። ሰዳም የመጀመሪያው ከሃዲ ነው። አባቱ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እቃ ሲያናንቅ እየሰማ ስላደገ ይሆናል፣ ያላመነውን "አላመንኩም" ይላል።

ግቢው ስንደርስ ወለላ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። እናቷ እትዬ አምሳል ታበጥራለች። ወለላ እኔን ከአባቷ ጎን ስታየኝ እስክሪብቶዋ ከእጅዋ ወደቀ።

"ይዘውህ መጡ እንዴ መምህር?"

"በባጃጅ ነው የተማረክሁት" አልኳት።

"እንግዳ በቆመበት አይሳቅም" አለች እትዬ አምሳል፤ ራሷ ግን እየሳቀች በርጩማ ሰጠችኝ። አያ አለምነህ አልተቀመጡም።

"ወለላ፣ ያን ወረቀት አምጪው። ሽማግሌዎቹ ምን ተባልክ ቢሉኝ የምመልሰውን ልወቅ። እኔ እኮ አልሰማሁትም።"

"አባባ፣ ይቅር…"

"አምጪው።"

አመጣችው። እያነበበች ድምጿ እየቀነሰ ሄደ፦ "'አባቴ ውኃውን እንደ ጓሮ ሣር እየረገጠ መጣ። ፍርሃት አያውቅም። ግራሩ ተነቅሎ ሲያልፍ አየውና ፈገግ አለ…'"

"ማን ነው ፈገግ ያለው?" አሉ አያ አለምነህ።

"አንተ።"

"እኔ? ግራር ተነቅሎ ሲመጣብኝ? ምን አሳቀኝ ብለሽ?"

እትዬ አምሳል ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ልጁስ በትክክል ምን አለ?" ሲሉ አያ አለምነህ ጠየቁ።

እኔ መለስኩ። "'ይህ ሰው ሰው አይመስልም። እኛ ሱቅ ውኃ የገባ ቀን አባቴ እቃ ማሸሽ ትቶ ቆሞ አልቅሷል፤ የኚህ ሰውዬ እንባ የት ገባ?' ነው ያለው።"

"አባቱ አልቅሷል? ልጁ እያየው?"

"እያየው።"

አያ አለምነህ አሁን ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ዓይናቸው ከመሬት አልተነሣም።

"ወለላ፣ አራት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ገበያ ሄዳ ነበር። ውኃው ሲመጣ አንቺን ቆጡ ላይ አወጣሁሽና… ዳልቻን ፈታሁት። በሬውን። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ጎትቼው አሰርኩት። ስመለስ ቤቱ እስከ ወገቡ ሰምጧል። እየጮኽሁ ነው የገባሁት። ስምሽን እየጠራሁ እንደ ሴት… እንደ ሰው ጮኽሁ። አውጥቼሻለሁ፤ እሱ እውነት ነው። ማንን አስቀድሜ እንዳወጣሁ ግን ሃያ አምስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።"

"አይቼሃለሁ አባባ" አለች ወለላ። "በግድግዳው ቀዳዳ። ዳልቻን ስትጎትት።"

"ታውቂ ነበር?"

"ሰዳም እንደተናገረ ልክ መሆኑ ወዲያው ታወቀኝ። የወጣሁት ለዚያ ነው፤ እሱን ጠልቼ አይደለም። እውነቱን ከጻፍሁ አንተን ላሳንስ ነው፤ ፈገግ ያሰኘሁህም ለዚሁ ነው።"

"ሁላችንም እናውቃለን እኮ" አለች እትዬ አምሳል፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ስመለስ ታስሮ ያየሁት በሬ ደረቅ ነበር፤ እናንተ ትንጠባጠባላችሁ። ምስጢር ያደረግኸው ለራስህ ብቻ ነው።"

ከዚያ አያ አለምነህ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ መምህር? ይህን አንብበህ ምን አልካት?"

ወለላ ገጹን አሳየቻቸው። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ "እጅግ ግሩም! በርቺ" ይላል።

"ፈገግታው ግሩም ነው?"

"አይደለም።"

"እንዳልሆነ አይተህ ነበር?"

"አይቼ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ይሉኝታ ያዘኝ። የምትጽፈው ስለ አባቷ ነው ብዬ።"

አያ አለምነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ የሚላከው እንግዲህ ላንተ ነው። የግብርና ባለሙያው ማሳዬን አይቶ 'ግሩም፣ በርታ' እያለ ቢሄድ እኮ ዘንድሮ የምንበላው አረም ነበር። ባለ ሱቁ ልጅ ያልፈራውን አንተ ደመወዝ እየበላህ ፈራህ?" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በሬውንም ጻፊው። ጩኸቱንም። ሰኞ ከመዘጋቱ በፊት ተመዝገቢ።"

"ይደብርሃል አባባ።"

"ይደብረኛል። ጻፊው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ስድስተኛው ወንበር ላይ፣ ባለ ጋቢ፣ አያ አለምነህ። ሽማግሌዎቹን አሰናብተው ብቻቸውን መጥተዋል። ወለላ አነበበች። በሬው ወጣ፣ ልጅቷ ቀረች፣ አባትየው እየጮኸ ተመለሰ። ሰዳም ጉሮሮውን ጠረገ።

"አሁን አመንኩት" አለ። "ግን በሬውን ወደ ጉብታው የሚወስድበት መንገድ ረዘመ። እኔ ልጅቷ ጋ መመለስ ፈልጌ ነበር።"

ወለላ በደንቡ መሠረት አፏን አልከፈተችም። አያ አለምነህ ግን ደንቡን ጣሱ።

"እኔም ፈልጌ ነበር" አሉ። "መንገዱ በእውነትም ረዥም ነው።"

ሰዳም ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ፤ እሳቸውም ትከሻውን ሳሙት፤ ይቅርታ ሳይጠየቅ ዕርቅ ወረደ።

እኔም አስተባባሪ ነኝና፣ የዕለቱን ትምህርት ለመቋጨት አራት ነጥብ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ተነሣሁ። በፊት ለፊት የተነገረ ሂስ ጸሐፊውን ከሐሜት እንደሚያድን አስረዳሁ። ሁለተኛ፣ በውሸት ከተሞገሰ ድርሰት በእውነት የተነቀፈ ድርሰት እንደሚሻል ተናገርኩ። ሦስተኛ፣ ለወዳጅ እውነቱን መንገር የክብር ምልክት እንጂ ንቀት አለመሆኑን፣ ይህ ልማድ ከክፍላችን ወጥቶ ወደ ማሳውም፣ ወደ ቢሮውም፣ ወደ ቤተሰቡም ቢገባ ብዙ አረም ገና በቡቃያው እንደሚነቀል አብራራሁ። አራተኛ ደግሞ…

አያ አለምነህ እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ደግ ተናግረሃል። ግን አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ናቸው። አራተኛውንም ተወው፤ ሰዉ ገብቶታል።"

ፊቴ ጋለ። የመልስ ቃላት ምላሴ ላይ ተሰለፉ። ከዚያ በደንባችን መሠረት ዝም አልኩና፣ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ከወረቀቴ ላይ አራተኛውን ሰረዝኩት።