የጣራው ድንጋይ

ከሸዋ ሮቢት ወደማስተምርበት ገጠር የምትወስደኝ ባጃጅ ቀወት ውስጥ ጎማዋ ፈነዳ። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ለመምህር አያዝንም። ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ግቢ ጎራ ብል፣ ባለቤቱ ጋሽ ኸይረዲን፣ ናጅዋ ከምትባል የወረዳው የአደጋ ዝግጁነት ሠራተኛ ጋር ክርክር ገጥመው ደረስሁ። ከግራሩ ሥር ልጃቸው ሐምዲያ ጨቅላዋን ታቅፋ ሸራ ውስጥ ተቀምጣለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! ይፍረዱኝ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ማንነቴን እንደነገርኋቸው። «ይቺ ልጅ ልትታረስ ቤቴ መጥታ፣ መሬቱ በተንቀጠቀጠ ማግስት ቤት አልገባም ብላ ሸራ ሥር ወጣች። አሁን ደግሞ ወደ ባሏ፣ ካራቆሬ እሄዳለሁ ትላለች። አራስ በሸራ! የአገሩ ሰው ምን ይለኛል?»

«አባ፣ ቤቱን ጠልቼ አይደለም፤ ለልጄ ፈርቼ ነው» አለች ሐምዲያ።

«ጋሼ» አለች ናጅዋ፣ «ወረዳው ቤት ለቤት የላከን ለዚሁ ነው። ቤትዎን ያፍርሱ አላልንም። ጣራው ላይ ያሉትን ድንጋዮች ብቻ ያውርዱ።»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በዚህ ቆላ ቆርቆሮ በሚስማር ብቻ አይታመንም፤ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ በተለቀ ቁጥር ባለቤቱ ጠንቃቃ ይባላል። በዚህ ሚዛን ጋሽ ኸይረዲን የጠንቃቆች አለቃ ነበሩ።

«ልጄ» አሏት ናጅዋን፣ «ነፋሱ በየዓመቱ ይመጣል። መንቀጥቀጡስ መቼ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም።»

«ታዲያ የማይታወቀውን ፈርቼ የሚታወቀውን ልርሳ? የአላህ ቀደር ከሆነ ማን ይመልሰዋል?»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ። ናጅዋ ግን ፈገግ አለች።

«ነፋሱን ይርሱ አላልሁም። ቆርቆሮውን ከማገሩ ጋር በሽቦ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን፤ ሽቦውን ይዤ መጥቻለሁ። ቀደር ነው ብለው ግመልዎን ሜዳ ላይ ፈትተው ያድራሉ?»

«ምን ቆርጦኝ!» ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው ልጠይቅዎ። ያን ዕለት መሬቱ ሲነቃነቅ ወዴት ሮጡ?»

«ወደ ደጅ ነዋ!»

«ሐምዲያስ?»

«ልጇን ታቅፋ ከኋላዬ።»

«ከበሩ በላይ ምን አለ?»

ጋሽ ኸይረዲን ቀና አሉ። ነፋሱ የሚበረታው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ያወጡትን ትልቁን ድንጋይ በበሩ አናት ላይ ያስጫኑት ራሳቸው ናቸው። አሁን ጫፉ ከክፈፉ አልፎ ወጥቷል።

«ስናስቀምጠው እንዲህ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ተንሸራቷል።» ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለነፋስ ብዬ የጫንሁት ለልጅ ልጄ አናት ኖሯል? አስተግፊሩላህ!»

ወዲያው መሰላል ተጠራ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገመድ ያዝሁ። ድንጋዩ እየወረደ፣ ሽቦው እየታሰረ፣ ናጅዋ ምክሯን ቀጠለች። ከአልጋው በላይ የተደረደረው ከባድ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ ይውረድ፤ ቤተሰቡ ከግድግዳና ከዛፍ ርቆ የሚገናኝበት ሜዳ ዛሬውኑ ይለይ፤ ባትሪ ከትራስ አጠገብ አይጥፋ አለች። የመንግሥት ምክር ሁሉ ይጣፍጠኛል አልልም። ይህኛው ግን ደስ አሰኘኝ፤ መሬት እንዳትንቀጠቀጥ ማድረግ ባይቻል፣ በገዛ ድንጋያችን እንዳንሞት ማድረግ ይቻላልና። በሽቦ የታሰረ ጣራ ነፋሱንም ይችላል፤ የሚገናኝበትን የሚያውቅ ቤተሰብም በድንጋጤ ሲፈላለግ አይጎዳም።

ሐምዲያ ሸራውን አጥፋ መጣች። ከደጃፉ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ወደ በሩ አናት ቀና አለች።

«ግቢ ልጄ» አሉ አባቷ ከመሰላሉ ላይ ሆነው። «የፈራሽው ልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባት ለልጁ እንዲህ ሲል በዚያ አገር ብዙ አልሰማሁም። ሐምዲያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጨቅላዋን ይዛ ገባች።